የ4 ወር ጨዋታዬን መዘገብኩ፤ የበላኝ መሬት አይደለም

የሬንተን_ጎረቤት (ቅዳሜ ማታ)

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ማጂክ የሚጫወት ሐበሻ እዚህ ቤት ከጣት ቁጥር እንደማይበልጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ በ1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው ያወጣው የካርድ ጨዋታ ነው። የሚያሳትመው ድርጅት ሬንተን (ሲያትል አጠገብ) ነው ያለው፣ እኔ ከምኖርበት ብዙም አይርቅም። ከዓይነቶቹ እኔ የምወደው ድራፍት የሚባለውን ነው። ስምንት ሰው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ፓኬቱን ይከፍታል፣ አንድ ካርድ መርጦ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ሦስት ፓኬት እንዲህ ካለቀ በኋላ ከሰበሰብከው 40 ካርድ ያለው ዴክ (የምትጫወትበት የካርድ ጥቅል) ትሠራለህ። ከ40ው ብዙ ጊዜ 17ቱ መሬት ነው። መሬት ነዳጁ ነው። እሱ ከሌለ እጅህ ላይ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው።

የምጫወተው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ አሬና በሚባለው። አንድ ድራፍት 1,500 ጄም (የጨዋታው ገንዘብ) ያስከፍላል። 7 ጊዜ ካሸነፍክ ወይም 3 ጊዜ ከተሸነፍክ ያልቃል።

የሁለት ዓመት ልቅሶዬ አንድ ነበር፦ መሬት አልመጣልኝም። ባለቤቴ ጨዋታውን አታውቀውም፣ ግን ፊቴን አይታ ብቻ «ዛሬም መሬት የለም?» ትለኛለች።

የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ሳጥን ሲጠፋ ማን እንደሰረቀ አንገምትም፤ መጨረሻ ስካን የተደረገው የት ነው ብለን እናያለን። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ተናድጄ፣ ለምን ይሄንኑ ለራሴ አላደርግም አልኩና ጉግል ሺት ከፈትኩ። ለአንድ ጨዋታ አንድ መስመር። ቀን፣ ሰዓት፣ የዴኩ ቀለም (ካርዶቹ በቀለም ይከፈላሉ)፣ ማን ጀመረ፣ መጀመሪያ ከያዝኩት 7 ካርድ ስንቱ መሬት ነበር፣ አሸነፍኩ ወይስ ተሸነፍኩ። መጨረሻ ላይ «ለምን» የምትል ባዶ ቦታ። ከጎኑ 17ላንድስን ጫንኩ። አሬና ኮምፒውተርህ ላይ የሚጽፈውን መዝገብ እያነበበ ወደ ድረ ገጹ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ጨዋታህን ቆይተህ መልሰህ ታይበታለህ። አሬና ሴቲንግ ውስጥ ዝርዝር መዝገብ የሚለውን ካላበራህ ግን ምንም አያይም። እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚሁ ነው ያጣሁት።

እስከ መጋቢት መጨረሻ 36 ድራፍት፣ 214 ጨዋታ። 112 አሸነፍኩ፣ 102 ተሸነፍኩ። 52 በመቶ። አያሳፍርም፣ አያኮራም።

አሁን ጉዱን ስሙ። ከተሸነፍኩባቸው 102 ውስጥ 61ዱ ላይ «ለምን» የሚለው ቦታ «መሬት» ይላል። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ 61ዱንም መልሼ አየኋቸው። መስፈርቱን አስቀድሜ አወጣሁ፦ በአራተኛ ተራዬ ሁለት መሬት ላይ ከቆምኩ፣ ወይም ከሳብኩት ካርድ ሁለት ሦስተኛው መሬት ከሆነ፣ ያ እውነተኛ የመሬት ችግር ነው። ስንት የቀረ ይመስላችኋል? 23። በ38ቱ ላይ በቂ መሬት ነበረኝ። ተሸንፌ ስናደድ ጣቴ ያው የለመዳትን ቃል ጻፈ እንጂ።

ከ23ቱ ደግሞ 14ቱ እኔ ጀማሪ (ቀድሞ ተጫዋች) ሆኜ፣ ሁለት መሬት ይዤ፣ «ይመጣል» ብዬ የተቀበልኩት እጅ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት። እጅህ ላይ 2 መሬት ካለ፣ በቀሩት 33 ካርዶች ውስጥ 15 መሬት አለ። ጀማሪ በመጀመሪያ ተራው አይስብም፣ ስለዚህ እስከ ሦስተኛ ተራው ሁለት ካርድ ብቻ ነው የሚደርሰው። ቢያንስ አንዱ መሬት የመሆን ዕድሉ 71 በመቶ ነው። ሁለተኛ ተጫዋች ከሆንክ ሦስት ትስባለህ፣ 85 ይደርሳል። 71 ሲሰሙት ያጠግባል። ግን ከሦስት እጅ ወደ አንዱ የሚጠጋ ይከሽፋል ማለት ነው። «አይ ዕድሌ» የምለው ራሴ የፈረምኩበት ነው።

አንዷን ላሳያችሁ። ማክሰኞ ሌሊት፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ። እጄ ላይ ሁለት ተራራ (የቀይ ካርዶች መሬት)፣ አንድ ርካሽ ቀይ ካርድ፣ የቀሩት አራቱ አራትና አምስት ማና (ከመሬት የሚወጣው ነዳጅ) የሚጠይቁ ጎረምሶች። መልሼ ሳየው ስክሪኑን «አትያዘው!» አልኩት፣ ድምፅ አውጥቼ። ያዘው። አራት ተራ ሙሉ ተራራዎቹ ሁለት ሆነው ቀሩ። ሺቱ ላይ የጻፍኩት፦ «መሬት!!!»

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍራል። በቀኑ የመጀመሪያ ድራፍቴ 138 ጨዋታ ተጫውቼ 80 አሸነፍኩ፣ 58 በመቶ። በዚያው ቀን ሁለተኛ ስደግም ግን 76 ጨዋታ፣ 32 ድል። 42 በመቶ። ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር።

ሦስተኛ፣ ጎበዝ ነኝ የምልበት ሰማያዊ ቀለም 90 ጨዋታ 43 ድል ነው። ሌላው 124 ጨዋታ 69 ድል። ስለዚህ ሰማያዊን ልተወው ነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። በሒሳቡ ከመቶ እጅ አሥሩ ያህል ዜሮ ወይም አንድ መሬት መሆን ነበረበት። የእኔ ከ214ቱ 3 ብቻ ናቸው። አሬና ያጭበረብራል የሚሉት ለእኔ ነው እንዴ የሚያጭበረብረው?

---

ጆከር52

ወንድሜ መጋዘን ውስጥ የምትሠራው ሳጥን ለማንሳት ነው ወይስ ራስህን ለመመርመር 😂 እኔ ካርታ ስበላ የማደርገው ምርመራ በዋዡን መስደብ ነው፣ ናሙናውም በቂ ነው።

---

ቁጥር_አይዋሽም

ኧረ ግሩም ሥራ ነው። እኔ በሙያዬ ዳታ ላይ ነኝ፣ ማጂክም እጫወታለሁ፣ ስለዚህ አትቀየመኝ፣ ትንሽ ልቆንጥጥህ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ማጭበርበር አይደለም። አሬና በአንድ ጨዋታ ብቻ በሚወሰኑት ውድድሮች ላይ የመጀመሪያ እጅህን ሲሰጥህ ከጀርባ ከአንድ በላይ እጅ ያወጣና የመሬቱ መጠን ከዴክህ ጋር የሚቀራረበውን ይመርጥልሃል። ድርጅቱ ራሱ በግልጽ የተናገረው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ የምትስበው ግን እንደተበወዘ ነው። ስለዚህ የ71 በመቶህ ሒሳብ ትክክል ነው፣ የመጀመሪያ እጅህ ሒሳብ ግን በወረቀት ካርድ ብቻ ነው የሚሠራው። ዓርብ ማታ ሱቅ ሄደህ በወረቀት ስትጫወት «እዚህ ዕድሌ ይጠምማል» የምትል ከሆነ ምክንያቱ ይሄው ነው። አሬና አሞላቆሃል።

ሰማያዊ። አትተወው! 90 ጨዋታ ላይ 48 በመቶ ማለት እውነተኛው ቁጥር ከ38 እስከ 58 የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሌላውም ወደ 9 ነጥብ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሁለቱ እላይ በላይ ተደራርበዋል። ሳንቲም ጥለህ ወሰንክ በለው። የማሸነፍ መቶኛህን ሁለት ነጥብ ከፍና ዝቅ ባለ ልክ ማወቅ ከፈለግክ 2,400 ጨዋታ ገደማ ያስፈልግሃል። በአንተ አካሄድ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። የካርዶቹን ጥራት ለማወቅ 17ላንድስ ላይ የሺዎች ዳታ አለልህ፣ የራስህን 90 ጨዋታ አታስጨንቀው። እሱም ቢሆን ችግር አያጣውም። ፕሮግራሙን የሚጭኑት ጨዋታውን አክርረው የያዙት ናቸው፣ አማካያቸው ከ50 በላይ ነው። ደግሞ አንድ ካርድ ቁጥሩ ያማረው ካርዱ ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ጥሩ ዴክ ውስጥ ስለሚገባ የሚለውን ሠንጠረዡ አይለይልህም።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ድራፍት ልዩነትህ ግን ትልቅ ነው፣ 16 ነጥብ። እዚህ ላይ ጠጋ ብዬ አያለሁ። ግን ንገረኝ፣ ስንት ነገር አነጻጽረህ ነው ይሄን ያገኘኸው? ሃያ ነገር ከፈተሽክ አንዱ በዕድል ብቻ ጉድ መስሎ ይወጣል።

ሌላ ጥያቄ። 214 ጨዋታ ውስጥ የመጀመሪያ እጅህን አልፈልግም ብለህ የመለስከው ስንቴ ነው?

---

የሬንተን_ጎረቤት

አሞላቆሃል ያልሽው ገደለኝ 😂 ሱቁ ላይ ሁሌ ነው የምረገመው።

ያነጻጸርኩት አሥራ ሁለት ነገር ነው፦ ቀለም፣ ሰዓት፣ ጀማሪነት፣ ከሥራ በፊትና በኋላ፣ ምናምን። የሳምንቱን ቀን ሁሉ አይቻለሁ። ሐሙስ ጎበዝ ነኝ መሰለኝ ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው እሱም ሳንቲም ነው።

እጄን የመለስኩት 9 ጊዜ።

---

ቁጥር_አይዋሽም

9! እንዳትመልስ ማን አስፈራራህ? ከ2019 ጀምሮ ሙሊጋን (እጅ መመለስ) እንደ ድሮው አይጎዳም። አዲስ 7 ታያለህ፣ የማይረባህን አንዱን ከዴኩ ሥር ታስገባለህ። አንድ ካርድ ታጣለህ፣ ግን ከሰባት መርጠህ ነው የምታጣው። ሁለት ተራራና አራት ጎረምሳ ይዘህ ጀማሪ ከሆንክ መልሰው አቦ።

---

ዝም_ብለህ_ተጫወት

እኔ የማይገባኝ ነገር አለ። ቀን ሙሉ ስካነር ይዘህ ሳጥን ስትቆጥር ውለህ፣ ማታ ቤትህ ገብተህ ራስህን ስካን ታደርጋለህ? ጨዋታ ነው እኮ። ድሮ ሰፈር ኳስ ስንጫወት ማን ስንት ኳስ እንዳቀበለ የሚጽፍ ልጅ ቢኖር ኖሮ ነገ አይመጣም ነበር። ይሄ በሽታ ሁሉም ቦታ ገብቷል፣ እንቅልፍ ይቆጠራል፣ እርምጃ ይቆጠራል፣ አሁን ደግሞ ካርታ።

---

የሬንተን_ጎረቤት

@ዝም_ብለህ_ተጫወት አልፈርድብህም። ግን ሁለት ዓመት «ዝም ብዬ» ተጫውቼ ማታ ማታ እየተነጫነጭኩ ነው የተኛሁት። ባለቤቴን ጠይቃት የትኛው በሽታ እንደሚሻላት። ለአንድ ጨዋታ አርባ ሰከንድ ነው የሚወስድብኝ።

---

የጋሼ_ልጅ

ማጂክ ምናምን አላውቅም፣ እኔ የማውቀው ባለ 52ቱን ካርታ ነው። ግን ሁለተኛው ድራፍት ያልከው ነገር አንድ ሰው አስታወሰኝ።

እኛ ሰፈር አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ነው የምንጫወተው። እሳቸው ወረቀት አይዙም፣ እስክሪብቶ አይዙም። ግን የወደቀውን ካርታ ሁሉ ያውቃሉ። «አራተኛው ንጉሥ አንተ ጋ ነው» ይሉሃል፣ ትገለብጠዋለህ፣ አንተ ጋ ነው። ማን ጥሩ ካርታ ሲይዝ ዝም እንደሚል፣ ማን ወሬ እንደሚያበዛ ያውቃሉ። እኔ ጥሩ ሲደርሰኝ ካርታዬን ደጋግሜ አስተካክላለሁ አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው! የነገሩኝ የልጃቸው ሠርግ ላይ ደስ ብሏቸው ነው፣ አሁን ሳይጸጽታቸው አይቀርም።

ልል የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። ሁለቴ ተከታትለው ከተበሉ ይነሣሉ። ሽንት ቤት ይላሉ፣ ስልክ ተደወለልኝ ይላሉ፣ ሰበብ አያጡም። አንድ ሁለት ዙር ያሳልፉና ይመለሳሉ። እኛ ደግሞ ስንበላ ወንበራችንን ይበልጥ ወደ ጠረጴዛው እንስባለን። ስለዚህ @የሬንተን_ጎረቤት፣ ሁለተኛ ድራፍት የምትገባው መቼ ነው? አሸንፈህ ደስ ብሎህ ነው ወይስ ተበልተህ?

---

ቁጥር_አይዋሽም

ጋሼን ቢሮአችን እቀጥራቸው ነበር።

ጥያቄው ይሄ ነው በቃ። ሁለተኛ ድራፍቶችህን ለሁለት ክፈላቸው። የመጀመሪያው ከከሸፈ በኋላ (0፣ 1 ወይም 2 ድል) የገባህባቸው፣ ከተሳካ በኋላ የገባህባቸው። ድካም ከሆነ ሁለቱም ላይ መውረድ አለብህ። ሌላ ነገር ከሆነ አንዱ ላይ ብቻ ይታያል።

---

የሬንተን_ጎረቤት (እሑድ)

ከፈልኩት። ሌሊት ነው የሠራሁት፣ ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከተሳካ በኋላ የገባሁት 4 ድራፍት፦ 28 ጨዋታ፣ 17 ድል። 61 በመቶ።
ከከሸፈ በኋላ የገባሁት 11 ድራፍት፦ 48 ጨዋታ፣ 15 ድል። 31 በመቶ።

ድካም አይደለም። እልህ ነው።

እህቴ፣ ናሙናው ትንሽ ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መቶኛውን ተውኩና ጄሙን ቆጠርኩ። ያ እንኳ የወጣና የገባ ነው፣ ክርክር የለውም። 11 ድራፍት በ1,500 ሲባዛ 16,500 ጄም ከፈልኩ። ሦስቱ ላይ አንድም አላሸነፍኩም፣ 50 50 ጄም ሰጡኝ። ሦስቱ ላይ አንድ አንድ፣ መቶ መቶ። ሦስቱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 250። ሁለቱ ላይ ሦስት ሦስት፣ አንድ አንድ ሺህ። ድምር 3,200። የጠፋው 13,300 ጄም። 20,000ው በ100 ዶላር ነው የሚሸጠው። የ66 ዶላር እልህ በሉት።

በጣም የገረመኝ «ለምን» የሚለው ቦታ ነው። በእነዚህ 11 ድራፍቶች 33 ጊዜ ተሸነፍኩ፣ 26ቱ ላይ «መሬት» ብያለሁ። ሁለት መሬት ይዤ ጀምሬ ከተሸነፍኩባቸው 14 እጆች 9ኙ እዚህ ናቸው። ጤነኛ ስሆን ትንሽ አስባለሁ መሰለኝ። እልህ ሲይዘኝ «ይመጣል! መምጣት አለበት!» ነው፣ ካርዱ ዕዳ ያለበት ይመስል።

---

ጆከር52

ለአንተ የ66 ዶላር ነው፣ እኔ እልሄን ብቆጥረው መኪና ይወጣዋል። አልቆጥርም።

---

ቁጥር_አይዋሽም

ጄሙን መቁጠርህ ጥሩ አደረግክ። ለመቶኛው ግን አንድ ውለታ ዋልልኝ። ግምትህን አሁን፣ ዳታው ሳይመጣ ጻፈው፦ «ከከሸፈ ድራፍት በኋላ ካልደገምኩ ጄሜ አይቀንስም» ምናምን ብለህ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ተጫወትና ና። ካየህ በኋላ የምታገኘው ምክንያት ሁሌ ያምራል። አስቀድመህ የጻፍከው ነው የሚያጋልጥህ።

---

ስልክ_ብቻ

ይቅርታ መሀል ገባሁ። እኔ ፍራንክፈርት ነኝ፣ ባቡር ላይ ስልኬ ላይ ነው አሬና የምጫወተው። ያ 17 ምናምን ስልክ ላይ ይሠራል? ኮምፒውተር የለኝም።

---

የሬንተን_ጎረቤት

ስልክ ላይ አይጫንም፣ የኮምፒውተሩን መዝገብ ነው የሚያነበው። ግን ምንም አልቀረብህ። የስልክህን ማስታወሻ ክፈት፣ ለአንድ ጨዋታ አራት ነገር ብቻ ጻፍ፦ ስንት መሬት ይዘህ ጀመርክ፣ ማን ጀመረ፣ ውጤቱ፣ በቀኑ ስንተኛ ድራፍትህ ነው። «ለምን» የሚለውን ከጻፍክ ከአንድ ቀን በኋላ ጻፈው። ትኩስ ላይ ከጻፍከው ትዋሻለህ፣ እኔን ጠይቀኝ። አሥራ ሁለት ዓምድ እንደኔ አትክፈት፣ በሳምንቱ ትተወዋለህ።

---

የሬንተን_ጎረቤት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ክሩን ልቀስቅሰው።

6 ድራፍት፣ 37 ጨዋታ፣ 20 ድል። 54 በመቶ። @ቁጥር_አይዋሽም አትድከሚ፣ 16 ነጥብ ግራና ቀኝ፣ ምንም አይልም፣ አውቃለሁ። አንዷን ድራፍት 7 አሸንፌ ጨረስኳት፣ 2,200 ጄም። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳችሁ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

እጄን መመለስ ግን ተለማመድኩ። በ37 ጨዋታ 6 ጊዜ። በፊት በ214 ጨዋታ 9 ነበር። ይሄ ዕድል የማይነካው ቁጥር ነው፣ የእኔ ውሳኔ ብቻ ነው። ለካ መቁጠር የነበረብኝ እንዲህ ያለውን ነበር፤ ድሉንማ ካርዱም ተቀናቃኜም አብረውኝ ይጽፉታል።

አሁን ኑዛዜ። ደንቡን አንዴ አፈረስኩ። ዓርብ ማታ፣ የመጀመሪያው ድራፍት በ1 ድል ከሸፈ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። እውነቴን ነው፣ ዘጋሁት። ወጥ ቤት ሄጄ ውኃ ጠጣሁ፣ ቆሜ ቆየሁ፣ ከዚያ ተመልሼ ከፈትኩት። ዜሮ ለሦስት። ከአርባ ደቂቃ በታች። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ጀማሪ ነበርኩ፣ ሁለት መሬት ይዤ ነበር፣ ያዝኩት። እያወቅኩ! 71 በመቶ፣ 71 በመቶ እያልኩ ያዝኩት።

ሺቱ ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ «መሬት» አላልኩም።

---

የጋሼ_ልጅ

ጋሼን ነገርኳቸው ታሪክህን። «ውኃ ምን ያደርግለታል፣ ከቤት ይውጣ እንጂ» አሉ።

---

ዝም_ብለህ_ተጫወት

እሺ፣ ልጠይቅ። ሺቱን ባዶውን ታጋራናለህ? ለወንድሜ ነው።

---

ጆከር52

ለወንድሙ ነው 😂😂

---

ስልክ_ብቻ

እኔም ጀምሬአለሁ! እስካሁን 6 ጨዋታ ብቻ ነው። 2 አሸንፌ 4 ተሸነፍኩ። ከ4ቱ 3ቱ መሬት አልመጣልኝም።

---

ቁጥር_አይዋሽም

ስንት መሬት ይዘህ ጀምረህ?

---

ስልክ_ብቻ

ሁለት

---

ቁጥር_አይዋሽም

ሦስቱንም?

---

ስልክ_ብቻ

ባቡሩ ደረሰ፣ መጣሁ።